በሐኪሟና በነፍስ አባቷ መሃል

የእናቴ ስኳር ጠዋት ጠዋት የሚለካው በእኔ እጅ ነው። ጣቷን ስትሰጠኝ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ካላነበብኩላት ደግሞ "ምነው፣ ሞትኩ እንዴ?" ትላለች። ከፍ ሲል የምታኮርፈው እኔን ነው፤ ዝቅ ሲልም እኔኑ። ቁጥሩን መለኪያው ሳይሆን እኔ የማወጣው ይመስላታል። ቀራንዮ ካለው ቤታችን ወጥቼ፣ ታክሲ ተጋፍቼ ሥራ ስገባ ገና ያልጀመርኩት ቀን ያለቀ ያህል ይሰማኛል።

ሰው መድኃኒት ከጀመረ ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ይውጣል፣ ይወጋል፣ ይኖራል። ወይ አለማወቅ! ስኳር እኮ አንድ ቦታ አይቆምም። ጉንፋን ሲይዛት ሌላ ነው፣ ለቅሶ ቤት ስትውል ሌላ ነው፣ ጾም ሲገባማ ተዉት። እንክብሉ አልበቃ ብሎ ኢንሱሊን ከተጨመረላት ወዲህ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ጊዜ ትወጋለች። መጠኑ ስንቴ ከፍ ተደረገ፣ ስንቴ ዝቅ ተደረገ። አንዱን ነገር ግን ሐኪሟ ሳትነግረን የዋለችበት ቀን የለም፤ ተወግቶ ያልበላ ሰው ስኳሩ ወርዶ ይጥለዋል። ይህችን ለእናቴ ለማስረዳት ምራቄ አልቋል።

ባለፈው ነሐሴ ፍልሰታ ሊገባ ሲል እናቴ "ዘንድሮ እቆርባለሁ" አለችኝ። አስፈቀደችኝ እንዳይመስላችሁ፤ ነገረችኝ እንጂ። ለመቁረብ ደግሞ ከማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ማደር ነው፤ እህል የሚቀመሰው አስቀድሰው፣ ሥጋ ወደሙን ተቀብለው ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ፍልሰታን ሳትቆርብ አሳልፋ አታውቅም። ያቋረጠችው አምና፣ መርፌው ሲጀመርላት ነው።

"አምናን ታገስኩ" አለችኝ። "ዘንድሮም ታግሼ ለከርሞ ባልደርስስ?"

ይዣት ወደ ሐኪሟ ሄድኩ።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ለስለስ ያለ፣ ዓይኗ ግን እንቅልፍ የጠገበ የማይመስል። "ማዘር፣ ስኳርዎ ገና አልተረጋጋም። ዘንድሮን ቢቆዩ ጥሩ ነው" አለቻት። እናቴም "እሺ የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ" ብላ እጇን ይዛ መረቀቻት። የእናቴን እሺ የማውቀው እኔ ነኝ። ፌርማታው ጋ ስንደርስ "ምን ታርግ፣ ልጅ እኮ ናት" አለች። ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ስለዚህ ወደ ነፍስ አባቷ ሄድኩ። አባ ረጅም፣ ቶሎ የማይመልሱ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሁሉ ካዳመጡኝ በኋላ "የታመመ ጹም አይባልም። ጾሙን ትተወው፣ ብያለሁ በያት" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል "ቁርባኑን ግን አልከለክላትም" አሉ። "ሐኪሟን ጠይቂልኝ፣ እንዴት ብታደርግ ይሻላታል?"

እንግዲህ መመላለሱ ተጀመረ። ሐኪሟ "ቅዳሴው የሚያልቀው ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ። እኔ ምኑን አውቄ! ወደ አባ። "በአዘቦት ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ይሄዳል። እሁድ ግን በጠዋት ያልቃል፤ እሁድ ይሁንላት" አሉ። ወደ ሐኪሟ። ሐኪሟም ትንሽ አሰበችና እሁድ ከሆነስ ይሞከር አለች፤ ቅዳሜ ማታ የሚወጋው በግማሽ ይቀነስ፣ እሁድ ጠዋት ሳትወጣ ትለካ፣ የጠዋቱን መርፌ ቆርባ ስትመለስ ምግብ ቀርቦላት ትወጋ። "ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ወይ ንግግሯ ከተዘበራረቀ ግን ወዲያው ጣፋጭ። ድርድር የለም" አለችኝ። ይህንንም ይዤ ወደ አባ። "እንዲያ ከሆነች ታፍርስ። በእኔ ይሁን" አሉ።

ባልና ሚስት አስታርቄ አውቃለሁ። ሐኪምና ቄስ መሃል ገብቶ የሚሸመግል ግን ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ያውም እኮ ሁለቱ ተጣልተው አይደለም! ሁለቱም ደግ፣ ሁለቱም አስተዋይ ናቸው። አስቸጋሪዋ የእኔዋ ናት።

ቅዳሜ ማታ እናቴ እራቷን በደንብ በላች። ድሮም መርፌዋን የምትወጋው ራሷ ነች፤ "በግማሽ ነው፣ እንዳትረሺ" ስላት "አንቺ ልጅ፣ አረጀሁ እንጂ መች ጃጀሁ" ብላ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። እሁድ ማለዳ መለኪያውን ይዤ ስመጣ ነጭ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጣቷን ስጠይቃት ሁለቱንም እጆቿን ነጠላው ውስጥ ከተተቻቸው።

"ዛሬማ አትነኪኝም። ደም ፈሶኝ ልቆርብ ነው?"

ክው አልኩ። እውነት ነው፣ ደም የፈሰሰው ሰው በዚያ ቀን አይቆርብም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግኩት። ያን ሁሉ ስመላለስ ግን የጣቷ ነገር አንድም ጊዜ አልታሰበኝም። አባንም አልጠየቅኩ፣ ለሐኪሟም አልነገርኩ።

"እማዬ፣ ጠብታ እኮ ናት!"

"ደም ደም ነው።"

ፊቷ ደህና ነው፣ አነጋገሯም ደህና ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ቅዳሴው ገብቷል። ክርክሩን ለመቀጠል አቅም አጣሁ፤ ጃንጥላውን አነሳሁና ጭቃውን እየሸሸን ሄድን።

ቤተክርስቲያን ውስጥ ከጎኗ ሆኜ እሷን ብቻ ሳይ ቆየሁ። ምን እንደተቀደሰ አትጠይቁኝ። መጀመሪያ መቋሚያውን ጨብጣ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ቆይቶ ግንባሯን ሳየው ረጥቧል። የነሐሴ ብርድ ጥርሴን እያንገጫገጨኝ እሷን ላብ አጠመቃት። እጇን ስይዘው ይንቀጠቀጣል። ልጠይቃት ብል "ከብቶቹ ገቡ?" አለችኝ። ምን ከብት አለን እኛ!

በብብቷ ገብቼ ወደ ውጭ አወጣኋትና ከዝናቡ የተጠለለ ደረጃ ላይ አስቀመጥኳት። ነፋሱ ሲነካት መለስ አለች።

"እማዬ፣ ማታ ስንት ነው የወጋሽው?"

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"እማዬ!"

"የጠዋቱንም ጨምሬ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ። "ዛሬ ከቆረብኩ በኋላም መርፌ እንዳይነካኝ ብዬ። ደም እንዳይወጣኝ።"

በግማሽ ይቀነስ የተባለውን፣ ስንት ደጅ የጠናሁበትን መርፌ፣ ለእግዚአብሔር ንጹሕ ልሁን ብላ በላዩ ላይ ጨምራበታለች! ከቦርሳዬ ከረሜላ አውጥቼ ወደ አፏ ሳስጠጋው ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን አዞረች።

"ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሻል።"

"ሰምቻለሁ።"

"አባም ታፍርስ፣ በእኔ ይሁን ብለዋል።"

"ብለዋል። ትንሽ እኮ ነው የቀረው፣ የኔ ልጅ። ልቀበልና ከዚያ ልሙት።"

ልቆጣት፣ ልጮህባት ነበር ያሰብኩት። ከጎኗ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ዘጭ አልኩ። "እማዬ፣ ደከመኝ" አልኳት። ይህን ለማንም ብዬው አላውቅም፤ ለእሷማ ጭራሽ። "በቃ፣ ደከመኝ። አንቺ ቆርበሽ ትሄጃለሽ። እኔ ግን ገደልኳት እያልኩ ነው የምኖረው።"

አየችኝ። ዓይኗ እየዋለለም ቢሆን አየችኝ፤ ጫማዬን፣ የራሰውን ቀሚሴን፣ ፊቴን። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች። ጣቶቿ ስለማይታዘዙላት ወረቀቱን ልጬ እኔው አጎረስኳት። ለዓመታት ከእጇ ስነጥቃት የኖርኩትን ጣፋጭ በልመና አጎረስኳት።

ወዲያው ውስጥ ደወሉ ተደወለ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በየቆመበት ሰገደ። እሷም ጉንጯ በከረሜላው እንዳበጠ ከተቀመጠችበት ጎንበስ አለች፣ እኔም ጀርባዋን ይዤ አብሬያት ጎንበስ አልኩ። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አፏ ውስጥ ያለውን ቀጭ አድርጋ ሰበረችና አኝካ ዋጠችው። እጇን እንደገና ዘረጋችልኝ።

"ካፈረስኩት አይቀር" አለች፣ "ሌላ ስጪኝ።"