ጉልበት መሳም በቪዲዮ

የሰርጌ ቀን አባባ ሞጣ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ወገባቸውን ታመው መኪና አይችሉም። እኔ የማስተምረው ቢቸና ነውና የተዳርኩት እዚያው ከታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። እኛ ዘንድ ሙሽራ የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው ከቤት የምትወጣው። ሳልመረቅ ልወጣ? በፍጹም!

የኮምፒውተር አስተማሪ ነኝ፤ የኔትወርካችንን አመል አውቀዋለሁ። "ምስሉ ይቅር፤ ድምፃቸው ይበቃናል። ጥርት ያለ ምስል፣ የማይዘገይ ድምፅ፣ የማይቆራረጥ መስመር ሦስቱን ባንዴ አይሰጥም፤ ሁሉንም ስንል ከሁለት ያጣ እንሆናለን" አልኩት ወንድሜን። ወይ ፍንክች! "ጉልበታቸውን ሳታዪ የምን ምርቃት ነው? ሰው ምን ይለናል?" ብሎ በቪዲዮ ደወለ።

እማዬ እዚያ ሞጣ ስልኩን ወደ አባባ ጉልበት አዙራ ያዘች። ጋቢው ታየ፣ ጉልበታቸው ታየ፣ ከዚያ ምስሉ ድርቅ! ድምፃቸው ብቻ እየተቆራረጠ፣ "ልጄ... ውለጂ... ክ..." ይላል። "አሜን!" እንላለን ቤቱ ሙሉ። አሜናችን ሞጣ እስኪደርስ እሳቸው ዝምታችንን ሰምተዋል። አሜን ያልተባለበት ምርቃት ለአባባ ምርቃት አይደለም፤ "አልሰሙኝም መሰል" ይሉና እንደገና ከመጀመሪያው! ውጭ የሙሽራው መኪና ክላክሱን ያስጮኻል።

"በቃ ሳሚና እንውጣ!" አለ ወንድሜ ስልኩን አፌ ላይ ደቅኖ። ሳምኩ። ከንፈሬ ቀዩን ምልክት ነክቶት ጥሪው ተዘጋ። ሚዜዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እኔ እንባዬ መጣ። ደግመን ብንደውል፣ ብንደውል፣ እምቢ። ሳልመረቅ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ለካ ጥሪው እንደተቋረጠ እማዬ የአባባን ምርቃት በድምፅ መልእክት ቀድታ ልካልኝ ኖሯል፤ ሲንከራተት አድሮ አሁን ገባ። አንድ ቃል አልጎደለበትም። "ውለጂ ክበጂ" ይሉና ዝም ይላሉ። "እጅሽ የነካው ይባረክ" ይሉና ደግሞ ዝም። መጀመሪያ የተበላሸ መስሎኝ ስልኩን ነቀነቅኩት። ኧረ ደህና ነው! አባባ እየተቀዱ መሆናቸውን አላወቁም፤ እኔን እያናገሩ መስሏቸው አሜኔን እየጠበቁ ነው።

ቁጭ ብዬ በየመሐሉ "አሜን፣ አሜን" አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው።

መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ምነው ልጄ፣ አሜን አትዪም እንዴ?"

እያልኩ እኮ ነው፣ አባባ!