ሽመላ የነካ ሽማግሌ

ጎህ ሲቀድ፣ ኮረብታው ላይ ያለው ሰፈራችን ጊቫት ሃሞሬ። ወደ አፉላ በሚወርደው የመጀመሪያ አውቶቡስ ተሳፍሬያለሁ። ልጄ ውቢት በዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ክፍል ሥራ አግኝታለች፤ የሞቱ ወፎችን ገፍፎ ለጥናት ማዘጋጀት። በእኛ በኦሪት ሥርዓት የእንዲህ ያለ ወፍ በድን የነካ እስከ ማታ ርኩስ ነው፤ ቤት አይገባም። «ያለ አባባ ቃል አልጀምርም» ብላለች፤ መልሷን ዛሬ ይጠብቃሉ። እናቷ ትርንጎ «አይሆንም ብለው ይምጡ!» ብላ ላከችኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ቁጡ ለመምሰል ግንባሬን ቋጥሬ ወጣሁ።

ሜዳው ላይ። ሾፌሩ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ «ሳባ፣ ወዴት ነው?» ይለኛል፤ በዕብራይስጥ አያቴ ማለቱ ነው።

«ዩኒቨርሲቲ።»

«ተማሪ ነህ?»

«አዎ፣ ትንሽ አርፍጄ ነው።»

በመስኮት ስንዴው ለምልሟል፤ ከትራክተሩ ኋላ ሽመሎች ይለቅማሉ።

ረፋድ፣ ቤተ ሙከራ። ከሰዎቹ በፊት ሽታው ተቀበለኝ። ፕሮፌሰሯ ሽበታም ሴት ናት፤ አብራኝ የመጣችው ውቢት ታስተረጉማለች። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች የወፍ ሥጋ ይበላሉ፤ አንዲት ቅንጣት አጥንት ሳይሰብሩ አጽድተው ይተዋሉ። እኔ አጥንት በመጋጥ አገር ያወቀኝ ሰው እጅ ሰጠሁ!

ፕሮፌሰሯ ቀጥላ የኤሌክትሪክ ሽቦ የገደለው ሽመላ አወጣች። ደረቱን በስስ ምላጭ ሰንጥቃ፣ ከተኛ ሕፃን ላይ ሸሚዝ እንደሚያወልቁ ቆዳውን አወለቀችው። ጠብታ ደም የለም። ጥጥ ሞላችው፣ ሰፋችው፤ ላባውን እያንዳንዱን በቦታው አስተኛች። እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አለ።

«በብርዱ ወራት የት ነበር?» አልሁ።

«በትውልድ አገራችሁ ሰማይ ሳያልፍ አልቀረም፤ በየዓመቱ ይመላለሳሉ» አለች ፕሮፌሰሯ።

በሱዳን በረሃ እግራችን እስኪላጥ የመጣነውን መንገድ፣ እሱ በየዓመቱ ደርሶ መልስ! ሳላስበው እጄ ሄዶ ክንፉን ዳበሰ።

«አባባ! ነኩት እኮ!» አለች ውቢት።

ቁጣዬ የት እንደ ገባ እንጃ። «እንግዲህ በምን አፌ ልከልክልሽ? ሥሪ። ማታ ታጥበሽ ግቢ እንጂ።»

እሷ ሥራ ጀምራ ቀረች፤ እኔ ተመለስሁ።

ወደ ማታ፣ ፎቁ ደረጃ ላይ ያለው ደጃፋችን። ትርንጎ በሩን ከፈተች።

«ምን ብለው መጡ?»

«ነካሁት።»

«ምኑን?»

«ሽመላውን።»

አፍጥጣ አየችኝ። ውኃ በማሰሮና በርጩማ ደጅ አውጥታ «ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባሉ» አለችና በሩን ዘጋች። ጎረቤት ሁሉ ዘንቢሉን ይዞ በጉልበቴ ላይ እየተሻገረ ይወጣል። የተከበረ ሽማግሌ፣ ደረጃ ላይ ተጥሎ!

ጥቂት ቆይቶ በሩ ገርበብ አለ። እጇ ብቻ ብቅ አለና ከጎኔ ሌላ በርጩማ አኖረ። ከሥራ ስትመለስ የምትቀመጥበት፣ የውቢት ነው።