ሞተሩን ሳያጠፋ የሮጠው ሾፌር

አዋሽ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን ንፋሱ ቆቤን ደጋግሞ ከራሴ ላይ ወሰደብኝ። የመጣሁት ከወሎ፣ ከሐርቡ ነው። ሙቀት አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ አላውቅም። የአስፋልቱ ግለት ከጫማዬ ሶል አልፎ እግሬን ስለሚጠብሰው አንዱን እያነሳሁ ሌላውን እያሳረፍኩ ነበር የምቆመው።

አለቃዬ ዋና ሳጅን መኮንን ይባላሉ። ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ ጡረታ የተቃረቡ ሰው ነበሩ። ፊሽካና አንጸባራቂ ሰደርያ ሰጡኝና መንገድ ዳር ወሰዱኝ።

«ዘሃራ፣ ተሳቢ ያለው መኪና እንደ ቤት መኪና ቀጥ አይልም» አሉኝ። «ከሩቅ እጅሽን አንሺ። ሾፌሩ እንዳየሽ ሳታረጋግጪ አስፋልት ላይ አትውጪ።»

መጀመሪያ ያስቆምኩት ከጂቡቲ ብረት ጭኖ የሚመጣ ሸበቶ ሾፌር ነበር። መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ በመስኮት እየዘረጋ «ኮማንደር፣ እንደምን ዋልሽ?» አለኝ።

«ኮንስታብል ነኝ።»

«ይሁን፣ ትደርሺበታለሽ» አለ። ይስቃል፤ ሳልጠይቀው ግን ሊብሬውንም የጭነት ወረቀቱንም አከታትሎ አቀበለኝ። ቦሎው የታደሰ፣ ጭነቱ በሥርዓት የታሰረ፣ ምንም የማይወጣለት ሰው ነው። ለምን እንደፈራ አልገባኝም።

አዋሽ በሠራሁባቸው ዓመታት ያንን ፍርሃት ብዙ ሰው ላይ አየሁት። ሾፌር ከሩቅ ሲያየኝ ዝም ብሎ አይመጣም። አንዱ ቀበቶውን ይስባል። ሌላው ስልኩን ከጭኑ ሥር ይከታል። ጫቱን ወደ ወለሉ የሚገፋ አለ፤ ቴፑን የሚዘጋ አለ፣ ሙዚቃ ወንጀል ይመስል። ያለፈኝ ደግሞ ከፊት ለሚመጣው መብራት ያበራለታል፤ «ትራፊክ አለች» ማለቱ ነው።

ጀማል የሚባል ወደ መተሐራ የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ነበር፤ ጎረቤቴ ነው። አንድ ቀን ወረቀቱን አይቼ ስመልስለት እንዲህ አለኝ፦

«ዘሃራ፣ ቤትሽ ገብቼ ሻይ እጠጣለሁ። ልጆቼ ልጆችሽ ናቸው። እጅሽን ስታነሺ ግን እደነግጣለሁ። ወላሂ ምንም አላጠፋሁም፤ ግን ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ መፈለግ እጀምራለሁ።»

«ፈልገህ ታገኛለህ?»

«አጥቼ አላውቅም።»

ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም።

ሳጅን ሆኜ ወደ ሰመራ ተዛወርኩ። ሰመራ ጥቁር ድንጋይና ንፋስ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያርፍ ነገር የለም፤ ፌስታሉ ይበራል፣ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ ከባድ መኪና ተከታትሎ ያልፋል። እኔም እንደዚያው ሆንኩ። ቤቴ ገብቼ እንኳ የተሳቢ ድምፅ ስሰማ እነሳ ነበር።

የማወራላችሁ ነገር የደረሰው ሎግያ አካባቢ ነው። ከኮንስታብል ከድር ጋር ቆመናል። እኩለ ቀን አልፏል፤ ንፋሱ አቧራ ያለብሰናል። ከሚሌ በኩል አንድ ተሳቢ መጣ። የሸራው ገመድ ተበጥሶ ጫፉ ከኋላ መሬት ይገርፋል፤ ሸራው እንደ ክንፍ ይነሳል ይወድቃል። ከኋላው በሞተር የሚመጣ ሰው ቢኖር አንቆ ይጥለዋል። እጄን አነሳሁ።

ሾፌሩ በሥርዓት ጠርዝ ይዞ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሲስብ ሰማሁት። እንደ ደንባችን ሰላምታ ሰጥቼ «መንጃ ፈቃድ» አልኩት። ጎልማሳ ነው፤ ፊቱ ላይ ደም የለም። መንጃ ፈቃዱን ሰጠኝ፤ ስሙ ታምራት ይላል። ፎቶውን ከፊቱ ጋር ሳስተያይ በሌላው በር ወርዶ ሮጠ። ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

ከድር ትንሽ ተከተለውና ተመለሰ። ሰውየው ወደ አዋሽ ወንዝ አቅጣጫ፣ ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃም ዛፍ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ለኃላፊያችን ደወልኩ። «ኮንትሮባንድ ነው የጫነው፣ ፈትሹ» አሉኝ። ፈተሽን። ሰሊጥ ነው፤ ከወረቀቱ ጋር ይስማማል። ሊብሬው ትክክል ነው። ጋቢናው ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ወንበሩ ላይ ያልተከፈተ የውሃ ፕላስቲክ ተኝቷል።

እሱን ሳይ ደነገጥኩ። ሰውየው ያለ ውሃ ነው የሄደው። በዚያ ፀሐይ፣ አገሩን የማያውቅ ሰው፣ እሾህ ውስጥ እየሮጠ ብዙ አይቆይም። ወንጀለኛ ይሁን አይሁን ማሰቤን ተውኩት። ከድርን መኪናው ዘንድ አቆምኩትና ውሃውን ይዤ ገባሁ።

አላህ ሲረዳኝ ሁመድ የሚባል የሎግያ አፋር ግመሎቹን ውሃ አጠጥቶ ሲመለስ አገኘሁት። አማርኛ ከገበያ የለመደ፣ የማውቀው ሰው ነው። ግመሎቹን ለወንድሙ ተወልኝና ዱካውን ይዞ ፊት ፊት ሄደ። እሾሁ ሱሪዬን ቀደደው። እየደጋገምኩ «ታምራት!» እያልኩ እጣራለሁ፤ ይባስ እንዳይሸሽ ደግሞ እፈራለሁ።

«አትጥሪ» አለኝ ሁመድ። «ዱካው ይዞራል። ደክሟል።»

አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘነው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። እኔን ሲያይ ሊነሳ ሞከረና መልሶ ተቀመጠ። ሁለት እጁን አንድ ላይ አድርጎ ለካቴና ዘረጋልኝ። ውሃውን ሰጠሁት። አልተቀበለኝም።

«ቤተሰቦቹ ደርሰዋል?» አለኝ።

«የማን ቤተሰቦች?»

«የገደልኩት ሰው።»

ከዚያ ተናገረ። ከሚሌ ከወጣ በኋላ አቧራ መንገዱን ሸፈነበት። በቀኝ በኩል የሆነ ነገር መታ። በመስታወት ሲያይ ጥቁር ነገር ይንከባለላል፤ የሴት ጩኸት ሰማ። መቆም ፈልጎ ነበር፤ እግሩ ግን ነዳጁን ረገጠ። ሎግያ እስኪደርስ የሚያስቆመው ፖሊስ ይጠብቅ ነበር። ሲያየኝ የመጣሁት ለዚያ እንደሆነ እርግጠኛ ሆነ።

ሁመድ ራሱን ያዘ። ሳቅ ይሁን ንዴት አልለየሁም።

«ዳጉ ሰምቻለሁ» አለ። ዳጉ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ የሚለዋወጡት ወሬ ነው፤ ከሚሌ ሎግያ ለመድረስ መኪና አይጠብቅም። «ነጭ ተሳቢ የፋጡማን ከሰል ገጭቶ ሄደ ብለዋል። ሰው አልሞተም። የሞተው ከሰል ነው።»

«ከዚህ ልታወጡኝ ብላችሁ ነው» አለ ታምራት።

«ወንድሜ፣ እኔ ያስቆምኩህ ገመድህ ስለተበጠሰ ነው» አልኩት።

አፍጥጦ አየኝ። «ገመድ?»

«የሸራው ገመድ። መሬት ይገርፋል።»

ውሃውን ያኔ ተቀበለኝ። ጠጥቶ ሲጨርስ እንዲህ አለኝ፦ «ይህን አስቀድመሽ ብትነግሪኝ አልሮጥም ነበር። መንጃ ፈቃድ ብለሽ ዝም ስትይ፣ ዝምታሽን እኔ ሞላሁት።»

ሬሳ አለመኖሩን በዓይኑ ካላየ መሪ መያዝ እንደማይችል ገባኝ። በእኛ መኪና ወደ ሚሌ መለስነው፤ ሁመድም አብሮን መጣ። ቦታው ስንደርስ የከሰል ማዳበሪያ ተቀዶ አስፋልቱ ጥቁር ሆኗል። ፋጡማ ክንዷ ተልጧል፤ ማዳበሪያው አጠገብ ተቀምጣ ነበርና የዳነችው ዘላ ነው። ታምራትን ስታይ ተነስታ በአፋርኛ ጮኸችበት።

«ለምን አልቆምክም ትላለች» አለ ሁመድ።

«ፈርቼ ነው በላት።»

ሁመድ ነገራት። ፋጡማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች።

«እኔስ አልፈራሁም ወይ ትላለች።»

ታምራት ተንበርክኮ ከሰሉን በእጁ ይሰበስብ ጀመር፤ ደቃቁን ሳይቀር። ፋጡማ ቆማ አየችው። ቆይታ ሌላ ማዳበሪያ አምጥታ አፉን ያዘችለት። የጠፋውን ከፈላት፤ እኛም ክንዷን በሚሌ ጤና ጣቢያ አሳይተን መለስናት።

ሎግያ ስንመለስ ክሱን ጻፍኩ፤ ስለ ገመዱም፣ አደጋ አድርሶ ስላለመቆሙም። ይህን መተው አልችልም ነበር። ፈረመ፣ ሸራውን አጥብቆ አሰረና ወደ ጂቡቲ ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

በማግስቱ መንገድ ላይ ስወጣ እጄን ማንሳት ከበደኝ። የሚመጣው ሰው ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። የመጀመሪያውን መኪና አስቆምኩና ወረቀት ሳልጠይቅ «የግራ መብራትህ አይሠራም፣ ለዚያ ነው» አልኩት። ሰውየው ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ጥፋት ለሌለበትም «መደበኛ ቁጥጥር ነው» ማለት ጀመርኩ። ከድር በመጀመሪያ ጊዜ ማባከን ነው አለኝ፤ በኋላ እሱም ያዘው።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው፦ መኪና ስታስቆሙ ከሰላምታ ቀጥሎ ምክንያቱን ተናገሩ። መንጃ ፈቃዱን ከዚያ ጠይቁ።