ሬሳ የሌለበት ቀብር

መርካቶ፣ መሳለሚያ ያለችው ሱቄ የምትሸጠው ጄኔሬተር ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት፣ ትልቋን ሴት ልጄንም ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማርኩት በዚሁ ነው። እኔ ራሴ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት ዕቃ ከሚጠቀለልባቸው ጋዜጦች ነው። ስለዚህ በልጅነቷ ደብተሯን ሳላይ እንድትተኛ ፈቅጄላት አላውቅም። ጥሩ ውጤት ስታመጣ ግን አላሞገስኳትም፤ በሰው ፊትማ ጭራሽ። ሙገሳ ልጅን ያሰንፋል ብዬ አምን ነበር። ዛሬም በከፊል አምናለሁ።

ይህች ልጅ አድጋ የያዘችው ሥራ የአባቷን ንግድ የሚነካ ሆነ። ስለ አየር ንብረትና ስለ ንጹህ ኃይል የሚሠራ ማኅበር ውስጥ ተቀጠረች። ያን ጊዜ ምክር ቤት የቀረበ አንድ ረቂቅ አዋጅ ነበር። የሚያከራክረው አንቀጽ ሁለት ነገር ይላል፦ በፀሐይ ኃይል መሣሪያና በባትሪ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ይነሳ፤ በተጨናነቁ ገበያዎች ውስጥ ደግሞ በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር ይከልከል። ጄኔሬተር አስመጪዎቹ አንቀጹን ከረቂቁ ለማሰረዝ በየቢሮው ይሮጣሉ። ከእኛ አካባቢ የተመረጠው የምክር ቤት አባል ረቂቁን በሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነበር። እሱም መርካቶ ይህን አይፈልግም ብሎ ተናግሯል። መርካቶ እንደሚፈልግ ማሳየት የልጄ ሥራ ነበር። ካልቻለች አንቀጹ ይሰረዛል።

መጀመሪያ የሄደችበት መንገድ የቢሮ ሰው መንገድ ነው። ሲኒማ ራስ አጠገብ አዳራሽ ተከራይታ ነጋዴውን በደብዳቤ ጠራች። የመጣው ጥቂት ነው፤ የመጣውም ምሳውን በልቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ቤት ገብታ ስታዝን አየኋትና፣ ነጋዴ በሥራ ቀን ሱቁን ዘግቶ የሚወጣው ለቀብር ብቻ ነው፣ ይህን እዚሁ አድገሽ እንዴት አታውቂም ብዬ ገሠጽኳት። እኔ የተናገርኩት ለተግሣጽ ነው። እሷ ግን እንደ ምክር ወሰደችው። በማግሥቱ የእኛን የሱቅ ተራ እድር ላነጋግር አለች። የእድሩ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። የኔ ልጅ ስለሆንሽ ቅድሚያ የለሽም፣ እንደማንም ተመዝግበሽ ተራሽን ትጠብቂያለሽ አልኳት።

እሁድ መጣች። ከኋላ አግዳሚ ላይ ወረቀቷን ይዛ ተቀመጠች። ስለተቀደደው ድንኳን ተከራከርን፤ ስለጠፉት ድስቶች ተጨቃጨቅን። ቀጥሎ ለለቅሶ ቤት ሌላ ጄኔሬተር ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ። አንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ወደኔ ዞሮ፣ "ጋሼ፣ መቼም ከርስዎ ሱቅ ነው የምንገዛው። ለልጅዎ ሠርግ መደገሻ ይሆናል" አለ። ተሳቀ። ልጄም ሳቀች፤ ተራዋ ግን አልደረሰም ነበርና አልተናገረችም።

ሲደርሳት ተነስታ ከወረቀቷ ማንበብ ጀመረች። ብዙም ሳትሄድ በርበሬ የሚነግዱ አንዲት እናት አቋረጧት። ባለቤታቸውን የቀበርነው በቅርቡ ነበር።

"ልጄ፣ ወረቀቱን ተይውና፣ የምትይው ሞተር ያ ከድንኳን ጀርባ የሚጮኸው ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ስሙኝ። ለባሌ ያለቀሰው እሱ ነው። የሰው ለቅሶ አልሰማሁም። ሊያጽናናኝ የመጣው ሁሉ አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ምን እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።"

እኔ ልጄን ነበር የማየው። ነገሩ እጇ ገብቷል፤ ሌላ ወጣት ቢሆን ቀምቶ ስለ ዓለም ሙቀት ትምህርቱን ይቀጥል ነበር። እሷ ወረቀቷን አጥፋ ተቀመጠች። መናገር የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። የሌላው ሰው ቃል ከራሱ ቃል እንደሚበልጥ አውቆ መድረኩን የሚለቅ ግን ጥቂት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆቼን ሳስተምር ይህን አስተምሬያት እንደሆነ አላስታውስም። ከራሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ወሬው በራሱ ሄደ። አንዱ ጭሱ ሱቁ ገብቶ ነጭ ጨርቅ እንደሚያበላሽበት ተናገረ። ሌላው ልጁ ቀኑን ሙሉ እንደሚስል አወራ። መጨረሻ ላይ እኚያው እናት ሐሳብ አቀረቡ፦ ቋሚ ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ቀን እንደ ቀብር ይቆጠር፤ ስም ይጠራ፤ የቀረ ይቀጣ።

"ሬሳ የሌለበት ቀብር የት አገር አለ?" አለ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው።

"አንተ ብቻ ቅር። መቅጫውን ስትከፍል ታለቅሳለህ" አሉት በርበሬ ነጋዴዋ።

እኔ ከለከልኩ። ደንባችን የሚቀጣው ከቀብርና ከለቅሶ የቀረን ነው። የልጄ ጉዳይ ስለሆነ ደንብ አልጥስም አልኩ። ልጄ ያየችኝ አስተያየት ዛሬም አይረሳኝም። ነገር ግን ጉባኤው ያወጣውን ደንብ ጉባኤው ማሻሻል እንደሚችል ማስረዳትም ግዴታዬ ነበርና ያንን ተናግሬ ድምፅ አስሰጠሁ። ብዙ እጅ ወጣ። የኔ እጅ አልወጣም። ጄኔሬተር ሻጭ ነኝ፣ የልጅቷም አባት ነኝ፤ በሁለቱም በኩል ድምፄ ንጹህ አልነበረም።

ቀኑ ሲደርስ ተራችን ተዘጋ። ማንም ሳያዝ ሴቶቹ ነጠላ፣ ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው መጡ፤ እግራችን ለቀብር ስም ሲጠራ እንዲህ መውጣት ለምዷል። ጸሐፊያችን የምክር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስም ጠራ። ጥበቃዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ማን እንደሞተ ጠየቁን።

አስመጪዎቹ ፊት ወንበር ላይ በሙሉ ልብስ ተቀምጠዋል። ከእኛ አካባቢ የተመረጠው ተወካይ ቀና ብሎ በየሱቁ የሚያውቀውን ፊት ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። በርበሬ ነጋዴዋ ተነስተው እድር ላይ ያሉትን ደገሙት። ወዲያው አንድ አስመጪ ተነሳና በጣቱ እኔን አሳየ፤ የነዚህ ሰዎች ሰብሳቢ ራሱ ጄኔሬተር ይሸጣል፣ እስቲ እሱን ጠይቁት አለ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ "እርስዎ ምን ይላሉ?" አለኝ።

ተነሳሁ። ልጄ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር።

"እውነት ነው፣ እሸጣለሁ። ያቺን ልጅ ያሳደግኳት በሱ ነው። አንቀጹ አይሰረዝ። ግን መጋዘን ያለንን ሸጠን ወደ ሌላው እስክንዞር ጊዜ ይሰጠን።"

ተወካያችን ዕድል ጠይቆ፣ ስለ መርካቶ የተናገረው ስህተት እንደነበር አመነ። አንቀጹ የመሸጋገሪያ ጊዜ ተጨምሮበት እንዲጸና ደገፈ።

ደጅ ስንወጣ ልጄ ተጠጋችኝ። "አባባ፣ ጊዜ ይሰጠን ያሉት ለራስዎ ነው" አለች።

"ለራሴም ነው። ዋሽቼ ልደግፍሽ ኖሯል?"

ተቆጥታ ነበር፤ እሷ የፈለገችው ወዲያው እንዲከለከል ነው። ቢሆንም ከትከሻዬ የተንሸራተተውን ጋቢ አስተካከለችልኝ። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው አልመጣም ነበር፤ በኋላ እያጉረመረመ መቅጫውን ከፈለ።

አዋጁ ለድምፅ በቀረበ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ደጃፌ ላይ ለገዢ ማሳያ የቆመውን ጄኔሬተር አጥፍቼ ሬዲዮዬን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። አንቀጹ ከነመሸጋገሪያ ጊዜው አለፈ። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ከማዶ ሆኖ ሞተሩ ምን ነካው ብሎ በእጁ ጠየቀኝ።

"የልጄ አዋጅ ጸደቀ" አልኩት።

የጎረቤቱ ጄኔሬተር ይጮህ ስለነበር አልሰማኝም። መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ ቀረበ። ደገምኩለት፤ ተራው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።