የሱሉልታው አምቡላንስና የደጊቱ ደብዳቤ

ቡራዩ ውስጥ የመኪና መብራት ያስቸገረው ሹፌር ሁሉ የሚሄደው ኦቦ መገርሳ ጋራዥ ነው። የሚሠሩለት ግን ኦቦ መገርሳ አይደሉም። እሳቸውማ በር ላይ ወንበራቸውን አውጥተው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ደንበኛ ሰላም ይላሉ። የምትሠራው ኮፈን ሥር ያጎነበሰችው፣ ቱታዋ በዘይት የጠቆረው ደጊቱ ናት፤ የሟች ወንድማቸው የዲሪርሳ ሚስት። ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። ደፍሮ የሚናገርም የለም።

ደጊቱ ከሰበታ ተድራ ስትመጣ ካቻቢቴ በምን በኩል እንደሚያዝ አታውቅም ነበር። ዲሪርሳ ነው ያስተማራት። እሱ ሲሞት ጋራዡ በታላቅ ወንድሙ ስም መሆኑ ታወቀ፤ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና «የባልሽን ቤት አትበትኚ፣ እዚሁ ሁኚ» አሏት። ሆነች። ከጋራዡ ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጧት። የግቢውን በር አመሻሽ ላይ የሚቆልፉት፣ ጠዋት የሚከፍቱት ኦቦ መገርሳ ናቸው። አይመቷትም፣ አይሰድቧትም፣ ሲበሉም ይጠሯታል። ክፋቱ ይሄ ነው እንግዲህ! ሰው ፊት ቆማ «ይህን በደሉኝ» የምትለው ነገር አጥታ ስድስት ዓመት ሞላት።

በዚህ መሀል ሆለታ ያለ አንድ የአበባ እርሻ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይፈልጋል ሲባል ሰማች። ገበያ የምትሄድ መስላ ሄደች፤ ተፈተነች፤ ወንዶቹን ሁሉ በልጣ አለፈች። «ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ። ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ እስከ ዓርብ አምጪ፤ ካላመጣሽ ሁለተኛ የወጣውን እንጠራለን» አሏት። አሥራ ስምንት ዓመት በእጇ ሠርታለች፤ በወረቀት ግን አንድ ቀንም አልሠራችም። ማኅተሙ ያለው ኦቦ መገርሳ ኪስ ውስጥ ነው።

«ኦቦ፣ ደብዳቤዋን ቢጽፉልኝ» አለቻቸው ሰኞ ዕለት፣ ምክንያቱን ሳትደብቅ።

ኦቦ መገርሳ በጣታቸው ግቢው ውስጥ የቆመውን ነጭ መኪና አሳዩዋት። «ያን የሱሉልታ አምቡላንስ ጸጥ አድርገሽ ስጪኝ። ጸጥ ባለ ቀን ማኅተሜን አሳርፍልሻለሁ፤ ዋቃ ይመስክር።»

አምቡላንሱ የአንድ ክሊኒክ ነው። በክረምት ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ሲሻገር ጋራው ላይ ያለው ጉም ሰው አያሳይም፤ ስለዚህ የድሮውን ፓውዛ አውልቀው ዜኖን የሚባለውን ኃይለኛ መብራት አስገጠሙለት። መብራቱስ መብራት ነው፣ ጉሙን ሰንጥቆ ይሄዳል። ግን ሹፌሩ መብራቱን ባበራ ቁጥር የመገናኛ ሬዲዮው «ሽሽሽሽ» ይላል፤ ማን የት እንደወደቀ፣ የትኛዋ እናት ምጥ እንደያዛት የሚነግረው ድምፅ በጩኸት ይዋጣል። ሹፌሩ ወንዳፍራሽ ይባላል፤ ቀጥ ያለ ሰው ነው። «እህቴ፣ ወይ አያለሁ ወይ እሰማለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ አልሆን ብለውኛል። ባለፈው ለመስማት ብዬ ባጠፋው ገደል ልገባ ነበር» አላት።

ደጊቱ የነገሩን ሥር ታውቃለች። ዜኖን እንደ ድሮው አምፖል ክር የለውም፤ ውስጡ ባለው ጋዝ መሀል እሳት እንዲዘል መብራቱ ሥር ያለችው ትንሽ ሳጥን ኃይሉን ሺህ ጊዜ ታንረዋለች። ያ ሁሉ መንጨርጨር ሾልኮ ወጥቶ ሬዲዮው ላይ ይሰፍራል። መድኃኒቱ ሳጥኗንም ገመዷንም በብረት መሸፈን ነው። ርካሹ ዕቃ ደግሞ ያለ ሽፋን ነው የሚመጣው። ስለዚህ ደጊቱ የዘይት ቆርቆሮ ቆርጣ ለሳጥኖቹ ቤት ሠራችላቸው፤ ለገመዱ ደግሞ አሮጌ የዲሽ ኬብል ልጣ፣ ከውስጡ የተጠለፈውን ሽቦ አውጥታ እንደ ካልሲ አጠለቀችለት። እንዴት ያለ እጅ ነው! ከዚያ እንደ ጋራዡ ደንብ ቆርቆሮውንም የሚያርፍበትን የመኪናውን ብረትም ዝገት በሚከላከል አንቲረስት ቀለም ቀባች፣ አስደረቀች፣ በተቀባ ቡሎን አሰረች። ኦቦ መገርሳ ቀለም ያልነካው ብረት ከበራቸው አያስወጡም፤ «የመገርሳ ሥራ አይዝግም» የሚባልላቸውም በዚሁ ነው።

መብራቱን አበራች። ሽሽሽሽ።

ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ አለፈ። ሳጥን ቀየረች፣ ገመድ ቀየረች፣ የሬዲዮውን አንቴና ነቅላ ተከለች። ሽሽሽሽ። ሐሙስ ከሰዓት ራሷን ተጠራጠረች። ምናልባት ከዲሪርሳ የለቃቀምኩት ብቻ ነው ያለኝ አለች። ኦቦ መገርሳም ከወንበራቸው ሆነው «ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ዜኖን ጠባዩ ነው፤ አትድከሚ» ይሏታል። እያጽናኗት ይሁን እየቆለፉባት እንኳ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት፣ መብራቱ እንደበራ ቡሎን ልታጠብቅ ስትል ካቻቢቴው ከእጇ ሾለከና ቆርቆሮውንና የመኪናውን ቦዲ ጭሮ፣ በሁለቱ መሀል ተቀረቀረ። ሬዲዮው ጭጭ አለ። ካቻቢቴውን አነሳችው፤ ሽሽሽሽ። መልሳ ጫነችው፤ ጭጭ። ኧረ ወይኔ! ቀለሙ ነው! ብረቱ ብረቱን ሳይነካ ነው ሦስት ቀን ሙሉ የታሰረው። ሽፋኑ የያዘውን ጩኸት ወደ ቦዲው ካላፈሰሰው ምኑን ሽፋን ሆነ? አሥራ ስምንት ዓመት «ሳትቀቢ እንዳታስሪ» የተባለችውን ስታደርግ፣ ሥራዋን በገዛ እጇ ስትሸፍነው ኖራለች። ሳቋ መጣ፤ ዕንባዋም መጣ።

ቡሎኑን ፈትታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ጀመረች። ኦቦ መገርሳ ከወንበራቸው ተነሡ። ሲነሡ የታዩት በስንት ጊዜያቸው ነው! «ምን እያደረግሽ ነው? ራቁቱን ልታስወጪው ነው? ዝጎ ስሜን ሊያጠፋ?» ብለው የቀለም ብሩሹን አንሥተው መጡ። ደጊቱ በመኪናውና በእሳቸው መሀል ቆመች።

«ኦቦ፣ ብረት ብረትን ይንካ። ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ከላይ ግራሶ እለቀልቀዋለሁ፤ ውሃ አይገባውም። ጸጥ ካላለ ደብዳቤውን አልጠይቅዎትም።»

«በቃልሽ ያዝኩሽ» አሉና ብሩሹን አወረዱ።

ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ወንዳፍራሽ ገብቶ ሞተር አስነሣ፣ ሁለቱንም ፓውዛ አበራ። ጸጥታ። የሬዲዮውን ማይክ አንሥቶ ክሊኒኩን ጠራ፤ የመኪና ክፍሉ ኃላፊ አቶ ዓባይነህ ወዲያው መለሱ፤ ድምፃቸው ጎኑ የተቀመጡ ያህል ጥርት ብሎ መጣ። «መብራት አጥፍተህ ነው?» «በርቷል ጌታዬ! በርቷል!» ወንዳፍራሽ መሪውን በመዳፉ እየመታ ይስቃል።

ኦቦ መገርሳም ቃላቸውን አላጠፉም፤ እውነቱን እንናገር። ከኮታቸው ኪስ አንድ ፖስታ አወጡ። ጽፈውታል። ማኅተሙ ሳይቀር አርፎበታል፣ ሰማያዊው ክብ በስሱ ፖስታ ላይ አሳልፎ ይታያል። ደጊቱ እጇን በቱታዋ ጠረገችና ዘረጋች።

«ማን ነው የሠራው?» አለ ሬዲዮው።

ወንዳፍራሽ በደግነቱ፣ በዚያ ቀጥ ባለ ልቡ፣ ማንም ስድስት ዓመት ያላለውን ተናገረ። «ደጊቱ የምትባል ሴት ናት ጌታዬ። እሷ ናት እንጂ ሌላ ሰው አልነካውም።»

«እንግዲያው ኦቦ መገርሳ ይስሙኝ» አሉ አቶ ዓባይነህ። «ስምንቱንም መኪና ለእርስዎ እሰጣለሁ፤ የዓመት ውል። አንድ ነገር ግን ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የምትሠራው እሷው ትሁን። እሷ ከሌለች ውል የለም። ሰኞ ጠዋት ሁለቱን እልካለሁ።»

ኦቦ መገርሳ ፖስታውን አዩት። ደጊቱን አዩዋት። ከዚያ እጃቸው ከነፖስታው ቀስ ብሎ ወደ ኮታቸው ኪስ ተመለሰ። «እንግዲህ ሰማሽ» አሉ። «ከስምንቱ መኪና በኋላ እንነጋገራለን።»

ደጊቱ ማይኩን ከወንዳፍራሽ እጅ ነጠቀችው። «አቶ ዓባይነህ፣ እኔ ነኝ ደጊቱ! እኔ ሰኞ ሆለታ ሥራ ልጀምር ነው። ደብዳቤዬን ዛሬ ማድረስ አለብኝ፤ ተጽፎ አልቋል፣ ኦቦ መገርሳ ይዘውብኝ ነው። ይስጧት ይበሉልኝ። ስለ እግዚአብሔር አንድ ቃል ይበሉልኝ!»

ሬዲዮው አሁንም ጥርት እንዳለ ነው። ሽሽታ እንኳ የለበትም።

«በደንብ ተሰምተሻል እህቴ» አሉ አቶ ዓባይነህ። «እሱን የቤተሰብ ጉዳያችሁን እዚያው ጨርሱት። እኔ መኪናዎቹን ሰኞ እልካለሁ።»