በጥልፍ ክር የተሰፋው መስመር

ኮንታክተር፣ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ዕቃ፣ ሲለቅ «ቋ» ይላል። ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ ባለ ማንኛውም ጎሚስታ ደጃፍ ቆሜ ይህን ድምፅ ስሰማ፣ ኮምፕሬሰሩን ያሰረው ሰው ሥራውን ማወቅ አለማወቁን ማሽኑን ሳላይ እናገራለሁ፤ ተሳስቼም አላውቅም። አስተማሪ አልነበረኝም፣ የምስክር ወረቀትም የለኝም፤ ቢሆንም መሐንዲስ ነን የሚሉት ሲጨንቃቸው የሚልኩት ወደ እኔ ነው። ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የአባቴ ጆሮ ነው።

አባቴ በቢቸና፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ፣ ጎማ እየጠገነ አሳደገን። መኖሪያችንንና ሥራ ቤቱን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለነበር፣ እኛ ልጆቹ የምንተኛውም የምንነቃውም በማሽኑ ድምፅ ነበር። ኮምፕሬሰሩ ከጎረቤት ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር በተሳበ መስመር ይሠራ ነበር። ታንኩ ሲሞላ ሞተሩን የምታጠፋ፣ አየሩ ሲቀንስ መልሳ የምታስነሳ፣ ከጡጫ የማትበልጥ የግፊት ማብሪያ ነበረችው፤ የሞተሩ ኃይል በሙሉ በእሷ ውስጥ ስለሚያልፍ ግን ፑንቲናዋ፣ ኃይሉን የሚያገናኘው የብረት ጫፏ፣ እየተቃጠለ ይጣበቅ ነበር። በተለይ በክረምት፣ የጭነት መኪኖች ጎማቸው እየተበሳ ሲመጡና ማሽኑ ዕረፍት ሲያጣ፣ ሞተሩ ታንኩ ሞልቶም አልጠፋ ይል ነበር፤ ያን ጊዜ አባቴ ምሳ እየበላ እንኳ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አዘንብሎ «ሞልቷል» ይልና፣ የጠቀለለውን ጥሎ ሮጦ በእጁ ያጠፋው ነበር። የግፊት መለኪያውን ጌጅ አያይም፤ ጌጁ ጆሮው ነበር።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ የወፍጮው ሞተር የእኛን ሦስት እጥፍ ሆኖ ሳለ ማብሪያው ለምን እንደማይቃጠል እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ እሑድ፣ ጄኔሬተሩ ጠፍቶ ባለ ወፍጮው ቅዳሴ ሲሄድ፣ የወፍጮውን የማብሪያ ሳጥን በቢላዋ ከፍቼ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተልኋቸው። ከማብሪያው የሚወጣው ቀጭን ሽቦ አንድ የመዳብ ጥቅል ብቻ ይቀሰቅሳል፤ ጥቅሉ ብረት ይስባል፤ ኃይሉን ወደ ሞተሩ የሚያሳልፈው ያ ብረት ነው። ማብሪያው ያዛል፣ ኮንታክተሩ ይሸከማል። ወረቀት ስላልነበረኝ ከእናቴ የጥልፍ ዕቃ ክር ወስጄ፣ ወፍራሙን መስመር በቀይ፣ ቀጭኑን በሰማያዊ፣ በቁራጭ አቡጀዲ ላይ ሰፋሁት። ዕድሜዬ አሥራ ሁለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ንጹሕ ሥዕል ከማንም እጅ አላየሁም።

«አባባ፣ ማብሪያዋ ማዘዝ ብቻ ነው ያለባት፤ ሸክሙን ለሌላ ይስጡት» ብዬ ጨርቁን ዘረጋሁለት።

አባቴ አየት አደረገውና ወደ ጓዳ ተጣራ። «ነይ ውባለም! ወንዱ ልጅሽ ጥልፍ ጀመረልሽ፣ አጋዥ አገኘሽ!»

ጎማ ሊያስጠግኑ የመጡት ሁሉ ሳቁ። «ለማንኛውም ይበልጣል ሲመጣ ያየዋል፤ እሱ የሚማረው ለዚህ አይደል?» አለ አባቴ። ይበልጣል ሞጣ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ታላቅ ወንድሜ ነው፤ መሐንዲስ እንደሚሆን ቤታችን ውስጥ ያለቀ ነገር ነበር። እኔም ጨርቁን አጣጥፌ በጭነት መኪና ሹፌር እጅ ላክሁለት።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ፣ ልክ በሥራችን ሰዓት ነው። ማብሪያዋ ተጣብቃ ታንኩ ከልኩ ሲያልፍ፣ ትርፉን አየር የሚያስወጣው ቫልቭ ያፏጭ ነበርና አንድ ቀን መሪጌታው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አለምነህ፣ እኛ ስናዜም ያንተ ጋን ያፏጫል። ወይ ዜማ አስተምረው፣ ወይ ዝም አሰኘው!»

«እሺ የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አባቴ። ከዚያ ወዲያ ፉጨቱ ቀረ። እንዴት እንደቀረ አልጠየቅሁም።

ለፋሲካ ይበልጣል ከአሮጌ ወፍጮ የወለቀ ኮንታክተር ይዞ፣ ጨርቄን በደረት ኪሱ ከትቶ መጣ። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጨርቁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ቀዩን በቀይ ሰማያዊውን በሰማያዊ እየተከተለ አሰረው። ታንኩ ሞላ፤ «ቋ» አለ፤ ሞተሩ ቆመ። የአባቴ ዐይን እንባ አቀረረ።

«ትምህርት ማለት ይህ ነው!»

«አባባ፣ ሥዕሉ እኮ የሱ ነው። እኔ ክሩን ነው የተከተልኩት» አለ ይበልጣል።

«ተወኝ እስቲ፣ ለታናሽህ ስታዳላ!» አለና ግንባሩን ሳመው። «እጅህ ይባረክ። ይህ ሥራ ቤት ያንተ ነው።»

በማግስቱ ጧት፣ ሰው ሳይመጣ፣ የማብሪያዋን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች በአንዲት የመዳብ ሽቦ ዘለላ አገናኘኋቸው፤ ማብሪያዋ ብትከፍትም ትእዛዙ እንዳይቋረጥ። ሐሳቤ ቫልቩ በሰው ፊት እንዲያፏጭ፣ ይበልጣል እንዲያፍር፣ ከዚያም እኔ ብድግ ብዬ እንዳስተካክለው ነበር። ደጃፍ ተቀምጬ ፉጨቱን ጠበቅሁ። አልመጣም። አባቴ ግን የሞተሩ ድምፅ ሲከብድ ሰማ፤ አዲሱን ዕቃ እያመነ፣ እጁን ወደ ማጥፊያው ከመስደድ ይልቅ ጆሮውን ወደ ታንኩ አስጠጋ። «ሞልቷል» ሲል ቧንቧው ከመጋጠሚያው ተገንጥሎ ጆሮው ሥር ፈነዳ።

እሱን ተሸክመው ሲወጡ እኔ ቀርቼ ዘለላዋን መዘዝሁ። ያን ጊዜ ነው ቫልቩን ያየሁት፤ በሽቦ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል፤ ቋጠሮው የአባቴ እጅ ነው። ለጾሙ ዝም አሰኝቶት ሳይፈታው ቀርቷል። ይበልጣል ቀኑን ሙሉ መስመሩን እየመረመረ «ስሕተቱ አልታየኝም» እያለ አለቀሰ። ሰፈሩ «የተማሪ ሥራ» አለ። አባቴ ስለ ቋጠሮው ዝም አለ፤ እኔም ስለ ዘለላዋ ዝም አልሁ። የአባቴ አንዱ ጆሮ ወዲያው፣ ሌላው ክረምቱ ሳይገባ ተዘጋ። ይበልጣል ሞጣ ተመልሶ ሽቦ ዳግም አልነካም፤ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት አረጀ።

በዚያው ክረምት ቧንቧውን ቀይሬ፣ በዚያው ኮንታክተር፣ በዚያው ጨርቅ መሠረት ብቻዬን አሰርሁት። አባቴ መዳፉን ሞተሩ ላይ ጭኖ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም ፈገግ አለ።

«ምናለ ይበልጣል እንዲህ አድርጎ ቢያስረው ኖሮ!»

አፌን ወደ ጆሮው አስጠግቼ ጮኽሁ። «አባባ፣ እሱም ያሰረው እንዲሁ ነበር! ያበላሸሁት እኔ ነኝ!»

ዞር ብሎ ከንፈሬን እያየ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ፣ አዎ፤ ጎበዝ ነህ ልጄ፣ ጎበዝ!» አለኝ። ስመኘው የኖርሁት ቃል ነበር።

ያኔ ሞጣ ለመድረስ በጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥሎ መዋል ነበረ፤ ዛሬ ጧት የወጣ ሰው ለምሳ ይደርሳል። ይበልጣል እዚያው አለ፤ የዘለላዋን ነገር እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ጉልበቱ ደክሟል፣ ጆሮው ግን እንደ ወጣት ነው ይላሉ። የሞጣ ጎሚስታዎች ኮምፕሬሰር አልጠፋ ሲላቸው ይደውሉልኛል። ሳላየው ችግሩን እነግራቸዋለሁ፤ ካልሆነላቸውም ማሽኑን ጭናችሁ አምጡት እላለሁ። እኔ አልሄድም።