በግራ በኩል የሚመጣው

የማቀዝቀዣ መካኒክ ነው፤ ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። የካቻቪቴውን ጫፍ ኮምፕረሰሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያስደግፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ቫልቩ ነው» ወይም «ኩሽኔታው አልቋል» ይላል። አይስትም። መተዳደሪያውም ይኸው ነው፤ ጆሮው ከሄደ ሥራውም አብሮ ሄደ።

የሰርጓጅ መርከብ ጨዋታ ያስለመደው የሚስቱ ወንድም ነው። በእረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ኮምፒዩተሩ ፊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ባሕር ውስጥ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ሞተር አጥፍተህ ታዳምጣለህ፤ የሌላው ፕሮፔለር ከየት እንደሚመጣ በጆሮህ ትለያለህ። የራስህ ፕሮፔለር ከኋላ ያለውን ድምፅ ስለሚውጥብህ፣ አልፎ አልፎ መርከቧን አዙረህ ኋላህን ትፈትሻለህ። ድምፅ ልከህ ጠላትን መፈለግም ትችላለህ፤ ግን ያኔ የት እንዳለህ ራስህ ነገርከው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሳያጓድል ያደርጋል። ሆኖም ይመታል፣ ሁልጊዜ በግራ በኩል። ባሕሩ ጭር ይላል፤ ከዚያ ኮሽታ እንኳ ሳይሰማ ስክሪኑ ይቀላል።

«አማቼ፣ ጆሮ ብለው የሰየሙህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?» አለ የሚስቱ ወንድም፣ በግራው በኩል እንደተቀመጠ።

«ይሄኛው ድምፅ የለውም።»

«ኧረ ከማዳመጫህ ሾልኮ ለእኔም እየተሰማኝ ነው።»

መካኒኩ እንደ ልማዱ ዕቃውን ጠረጠረ። ሽቦውን ዳሰሰ፤ መሰኪያውን ነቅሎ ጠርጎ መለሰው። በመጨረሻ ማዳመጫውን ገልብጦ አጠለቀ፣ የግራውን በቀኝ። ጭር ያለው ባሕር ባንዴ ሞላ። ፕሮፔለሩ ቹ፣ ቹ፣ ቹ ይላል፤ ከጎኑ ነው። ሁልጊዜም እዚያው ነበር ለካ። እስካሁን በቀኝ ይሰማው የነበረው የጭነት መርከብ ግን ድምጥማጡ ጠፋ።

ካቻቪቴ የሚይዘው በቀኝ እጁ ነው፤ የሚያዳምጠውም በቀኝ ጆሮው። ግራውን ፈትኖት አያውቅም። ዘወትር የሚሠራበት የቀዝቃዛ መጋዘን ትልቁ ሞተር ደግሞ ስንት ዓመት በግራው ሲያጓራ ኖሯል። ቀኙስ እስከ መቼ?

ማዳመጫውን አወለቀ። ሚስቱ ከኋላቸው ልብስ ታጥፋለች።

«እስኪ ነይ። በግራ ጆሮዬ የሆነ ነገር ንገሪኝ፣ ቀስ ብለሽ።»

ቀኙን በጣቱ ደፍኖ ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቀ። ሞቅ ያለ ትንፋሽ አንገቱ ላይ አረፈ፣ ራቀ፣ ተመለሰ።

«ጀምሪ እንጂ» አላት።

ትንፋሹ ቆመ። ጣቱን ከጆሮው ላይ ስታነሳለት ዓይኑን ገለጠ።

«ጨረስኩ እኮ» አለችው።